ከላይ ቤት የሚመጣ ትምህርት

እትዬ፣ እንደምን ዋሉ? ልብሱ በአንድ ፀሐይ ደረቀልዎት እኮ። ይስጡኝ፣ አንሶላውን በዚያ ጫፍ ልያዝልዎት። ደህና ነን። ልጄ ሚጢጢም ደህና ናት፤ ከመዋዕለ ሕፃናት መጥታ ጫማዋን እያወለቀች ነው።

የላይኛው ቤት መስኮት ክፍት ነው አይደል? ጥሩ ነው። አየር ይግባላቸው። ብዙ የሚያስብ ሰው አየር ያስፈልገዋል...

የላይኛውን ቤት አከራይተው እንዲህ ያለ ጎረቤት ስለሰጡን እኮ አመስግኜዎት አላውቅም። ባለፈው ሳምንት እኚሁ ጎረቤታችን ደረጃው ላይ አስቁመው መከሩኝ። «ሕፃን ልጅ ቴሌቪዥን ፊት አይገተርም፤ ይደነዝዛል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እሳቸው ምንም አያዩም። ስልካቸውን የሚይዙት ለመደወል ብቻ ነው። እንዲያ ነው ያሉኝ። ትልቅ ሰው ይዋሻል እንዴ? ምን በወጣው!

እኛ የምናየውን እርስዎ ያውቃሉ። ባለቤቴ በሕይወት ሳለች ለሕፃናት ብላ ኢንተርኔት ላይ የለቀቀቻቸውን ትምህርቶች ነው። ዐሥራ አንድ ናቸው። ዐሥራ ሁለተኛውን አልደረሰችበትም። በስልክ ስናያት አውራ ጣት ታክላለች። ከስልኬ ወደ ቴሌቪዥኑ ስልከው ግን ፊቷ የእውነተኛ ፊቷን ያህል ይሆናል። ሚጢጢ ጠጋ ብላ ጉንጯን ትነካለች። በቀን ሩብ ሰዓት ነው፤ ከዚያ አይበልጥም።

ታዲያ ሰሞኑን መሃል ላይ ሌላ ትምህርት ይገባብናል። ከየት ይሆን? እኔ ምን አውቄ! የእርስዎን ዋይፋይ ሦስት ቤት ይጠቀምበታል። ቪዲዮ ከስልክ ሲላክ የሦስታችንም ቴሌቪዥን በዝርዝር ይመጣል። የእኛ የመጀመሪያው ነው። መነጽር ያስረጀኛል ብሎ የማያደርግ ሰው ካለ... ካለ ነው ያልኩት... የመጀመሪያውን ይጫናል። የራሱ ቴሌቪዥን ዝም ይለዋል። ድምፁ አነሰ ብሎ ይጨምራል። የሚጨምረው የእኛን! ብርጭቆዎቹ መደርደሪያ ላይ ተንጫጩ እኮ፣ እትዬ።

ስንቱን ተማርን መሰለዎት! ሰኞ ዕለት «በዐሥር ቀን ሰው እንዲያከብርህ ምን ታደርጋለህ» የሚል መጣ። አራተኛው ቀን ላይ ተቋረጠ። የቀረውን እሳቸው ያውቁት ይሆናል... ማለቴ፣ ያ የላከው ሰው ያውቀው ይሆናል።

ትናንት ደግሞ እናቷ የጨረቃ ሥዕል አንሥታ «ልጆች፣ ይህቺ ማን ናት?» አለች። ከዚያ ልጆቹ እንዲመልሱ ዝም ትላለች። ሚጢጢ አፏን ልትከፍት ስትል እናቷ ጠፋችና አንድ በራ ሰውዬ ብቅ አለ። አናቱን በሽንኩርት ያሻል። «በሦስት ሳምንት ይበቅላል!» ብሎ ጮኸ። ሚጢጢ ምን ብትል ጥሩ ነው?

«ሽንኩርት!»

ሳቅን። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። እናቷ ካረፈች ወዲህ በሰባት ወር ውስጥ ቤታችን ሳቅ ሲሰማ የመጀመሪያው ነው። ይህን ውለታ በምን እመልሰዋለሁ?

ዛሬ ጠዋት ያንኑ ከፈትኩላት። ማንም አላቋረጠንም። እናቷ ጨረቃዋን አንሥታ «ማን ናት?» ስትል፣ ልጄ አሁንም «ሽንኩርት» አለች። እናቷም «ጎበዞች! ልክ ናችሁ!» አለቻት። ቪዲዮ ምን ያውቃል...

እኔ ግን ለእናቷ ትክክለኛው መልስ እንዲደርሳት ፈልጌ ነበር።

«ለምን አልነገርካቸውም?» ይሉኝ ይሆናል። ለማን? ስለ እሳቸው መሰለዎት እንዴ የማወራው? ኧረ በፍጹም! ሁለት ጊዜ በራቸውን አንኳኩቼ፣ «ዝርዝሩን ላሳይዎት፣ አንድ መስመር ዝቅ ብሎ መጫን ብቻ ነው» ብያቸዋለሁ። «እኔ ቪዲዮ የሚባል አላውቅም» አሉኝ። አለቀ። ቤት ውስጥ እንኳ ባርኔጣቸውን የማያወልቁት ብርድ ስለማይስማማቸው ነው። ደረጃው ላይ ሽንኩርት የሚሸተውም ምግብ እያበሰሉ ነው። ለብቻው ለሚበላ ሰው ትንሽ በዛ እንጂ...

መስኮቱ ተዘጋ እንዴ? ነፋስ ይሆናል። ግድ የለም፣ መስታወቱ ስስ ነው።

ይህችን የትራስ ልብስም ይያዙልኝ፤ ልግባ፣ ልጄ እየጠበቀችኝ ነው። ለጎረቤታችን ግን ከልቤ ልመርቃቸው። ፈጣሪ ረጅም ዕድሜ ይስጣቸው። ጤናውን ያብዛላቸው። ከዚህ ዓለም የተለዩ ቀን ደግሞ፣ እስቲ ድምፃቸውን ልስማ ብሎ ቴሌቪዥን ፊት የሚቀመጥ አንድ ሰው... አንድ ብቻ... አያሳጣቸው።

አሜን ይበሉ እንጂ፣ እትዬ።