ስልሳ ሁለት ከመቶ ላይ የቆመው ላፕቶፕ

ክቡራትና ክቡራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤

ይህን መሰናበቻ ስላዘጋጃችሁልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ወንበር ከየቢሮው ተሸክማችሁ ስታመጡ አይቻለሁ። ኬኩም ያምራል። ግን ከመቆረሱ በፊት ንዴቴን ላውጣው፤ ይዤው ቤት ብገባ ባለቤቴ ከነንዴቴ ታስወጣኛለች።

ሃያ ስድስት ዓመት ኮምፒውተራችሁን ጠግኛለሁ። "ጋሽ ሪስታርት" እንደምትሉኝ የማላውቅ መስሏችኋል? አውቃለሁ። አልተሳሳታችሁም፤ ግማሹ ችግራችሁ አጥፍቶ በማብራት ይፈታል። ዛሬ የማወራው በዚያ ስላልተፈታው ነው።

ባለፈው ወር የወጡትን ሁለት ማስታወቂያዎች ታስታውሳላችሁ? አንዱ "ሁሉም ሠራተኛ እስከ ዓርብ ላፕቶፑን አፕዴት ያድርግ፤ ሥራ እንዳይስተጓጎል ማታ ሲወጣ አስጀምሮት ይሂድ" ይላል። ሌላው ደግሞ "ለቁጠባ ሲባል በየቀኑ አስራ አንድ ተኩል ላይ የሕንፃው መብራት ከዋናው ማጥፊያ ይቋረጣል" ይላል። ሁለቱም በአንድ ሳምንት ወጡ፣ በአንድ እጅ ተፈረሙ። ክቡር የአስተዳደር ኃላፊ፣ ፊርማው የእርስዎ ነው።

የመዝገብ ቤቷ እህታችን የተባለችውን አደረገች። አስራ አንድ ሰዓት ላይ አፕዴቱን አስጀምራ ወጣች። ላፕቶፑ ባትሪ የለውም። አብጦ ስለነበር ያወጣሁት እኔው ነኝ፤ ምትክ እንዲመጣ ሦስት ጊዜ ጽፌያለሁ። "ሶኬት ላይ እስከተሰካ ምን ጎደለው?" ነበር መልሱ።

ጠዋት ላፕቶፑን ታቅፋ እየሮጠች መጣች።

"ጋሼ፣ ክብ ነገር ይዞራል እንጂ አይከፈትም!"

"ሪስታርት አደረግሽው?"

"አራት ጊዜ!"

ሁለት ቀን ሠራሁበት። መጀመሪያ ፋይሎቹን ወደ ሌላ ዲስክ አወጣሁ፤ አንድም አልጠፋም። ከዚያ በግማሽ የተጫነውን አፕዴት አራግፌ ወደ ቀድሞው መለስኩት። ማሽን የደረሰበትን ሁሉ ይመዘግባል። መዝገቡን ሳየው፣ ስልሳ ሁለት ከመቶ ላይ እያለ፣ ልክ አስራ አንድ ተኩል ላይ ኃይል ተቋርጧል። ማን አቋረጠው? እሷ? እሷ እኮ ያን ሰዓት የአውቶቡስ ሰልፍ ላይ ነበረች!

ክቡር ኃላፊ፣ ሪፖርቱን ልጽፍ ስል እርስዎ ጠሩኝ። "'የተጠቃሚ ስህተት' ብለው ያሳጥሩት። ጡረታዎ አንድ ወር ነው የቀረው፤ ነገር ምን ያደርግልዎታል?" አሉኝ። አሳጠርኩት። በእነዚያ ሁለት ቃላት እሷ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳት፣ እድገቷ ቀረ፣ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወረች። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው። ዳውላውን የመታሁት ደግሞ እኔ ነኝ። በእርስዎ ብቻ የተናደድኩ አይምሰልዎ፤ በራሴ ይብሳል።

እህቴ፣ በሩ አጠገብ ቆመሽ አይሻለሁ። ትናንት እንኳ "ጋሼ፣ ምንም አይደል" አልሽኝ። እንዴት ምንም አይደል? የዘጠኝ ዓመት ልፋትሽ እኮ ነው!

ይኸውና አዲሱ ሪፖርት። ሁለቱን ማስታወቂያዎች አያይዤበታለሁ። "ጡረታ ወጥቷል፣ አያገባውም" እንዳይባል፣ ዛሬ ቀኑ እስኪያልቅ ድረስ ሠራተኛ ነኝ፤ ቀኑንም ሰዓቱንም ጽፌበታለሁ። ክቡር ኃላፊ፣ ሰው ሁሉ እያየ ይቀበሉኝ።

ማይኩ ጠፋ እንዴ? መብራቱም? በሉ ሰዓታችሁን እዩ!

ግድ የለም፣ ያለ ማይክ እጮሃለሁ። ኋላ ያላችሁ ይሰማችኋል? እንግዲያው ምርቃቴን ተቀበሉኝ። ጤና አይጉደልባችሁ። ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ። እንጀራችሁ የሰው ፊት የማታዩበት ይሁን። ያላጠፋችሁት አይጻፍባችሁ። የምታውቁትን እውነት ለመናገርም እንደ እኔ የመጨረሻዋን ቀን የምትጠብቁ አያድርጋችሁ።

ክቡር ኃላፊ፣ ወረቀቱ አሁንም እጄ ላይ ነው። እሱን ሳይቀበሉኝ ኬኩ አይቆረስም።