ሦስቱ የጣልያን ልጆች

ከኮንየርስ ከተማ ከሥራ ስንመለስ የሠራተኛ ቫናችን በረዶው ላይ ተንሸራተተ፤ ቤት ብቻውን የሚጠብቀኝ ልጄ ፊቴ ድቅን አለ። ሾፌሩ ሊያረጋጋን ሙዚቃ ከፈተ።

«እነዚያ ኦፔራ የሚዘፍኑት ሦስት የጣልያን ልጆች አይደሉም?» አሉ ከኋላዬ አንዲት እናት።

«ናቸው እማማ። አሁንማ ጢም አውጥተዋል» አለች አጠገባቸው ያለችው ወጣት።

«ውይ! በቴሌቪዥን ሳያቸው እኮ ሕፃናት ነበሩ። አንዲት እናት እንዴት ሦስቱን ወለደች እያልኩ ስንት ዓመት ስመርቃት ኖርኩ!»

«ወንድማማቾች አይደሉም እኮ! ውድድር ላይ ነው የተገናኙት።»

«እንግዲያ እናቶቻቸው ምርቃቱን ይካፈሉት። ድምፃቸው ሲጎረንን ይበተናሉ ብዬ ስሰጋ ነበር።»

«ኧረ ዛሬም አብረው ኮንሰርት ያደርጋሉ።»

«እሰይ! ያ ልጅነታቸው ግን አለፈ።»

ታከር ከተማ ያለው ቤቴ በሰላም ገባሁ፤ ልጄ «እማ፣ መጣሽ?» ሲለኝ ድምፁ መጎርነኑን ገና ያን ዕለት ሰማሁ።