ያለ እኔ የተነሳው ሰርቨር

ክቡር ሥራ አስኪያጃችን፣ ክቡራትና ክቡራን የሥራ ባልደረቦቼ፣ ዛሬ ከየቤታችሁ ተጎትታችሁ የመጣችሁ የትዳር ጓደኞችና ልጆች፤

በመጀመሪያ ለዚህ ዝግጅት የደከማችሁትን ሁሉ ከልብ አመሰግናለሁ። ይህን የመመገቢያ አዳራሽ እንዲህ ተወልውሎ፣ ወንበሩም በሥርዓት ተደርድሮ አይቼው አላውቅም። እኔን ለመሸኘት ይህን ያህል እንደምትተጉ ባውቅ ኖሮ ጡረታዬን ቀደም ብዬ እጠይቅ ነበር።

ሥራ አስኪያጃችን ቅድም ስለ እኔ ሲናገሩ፣ ባለቤቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ስለ ማን ነው የሚያወሩት?» አለችኝ። «ዝም በይ፣ እኔም ለማወቅ እየሰማሁ ነው» አልኳት። «የፋብሪካው የጀርባ አጥንት» አሉኝ እኮ! የወገብ ሐኪሜ ይህን ቢሰማ ኖሮ ፋብሪካው እስከ ዛሬ እንዴት ሳይወድቅ እንደቆመ ግራ ይገባው ነበር።

ለመሆኑ ይህ ሰውዬ ምን ይሠራ ነበር? የምትሉ እንግዶች ትኖራላችሁ። ልጄ ትንሽ ሳለች አስተማሪዋ «አባትሽ ምን ይሠራል?» ብላ ብትጠይቃት፣ «ሳሙና ፋብሪካ ውስጥ ኮምፒውተር ይጠብቃል» አለቻት። ዘበኛ ተብዬ ተመዘገብኩ። በጊዜው ተናድጄ ነበር፤ ውሎ አድሮ ሳስበው ግን ልጅቷ አልተሳሳተችም።

እዚህ ግቢ ውስጥ ዘይቱ መቼ ይግባ፣ ጋኑ ምን ያህል ይሙቅ፣ ማደባለቂያው መቼ ዞሮ መቼ ይቁም የሚለውን ሁሉ የሚያዘው አንድ ሶፍትዌር ነው። ሶፍትዌሩ የሚኖረው ደግሞ ሰርቨር በምንለው ኮምፒውተር ውስጥ ነው። የእኔ ሥራ የሰርቨሩን ሴቲንግ፣ ማለትም ማን ከማን ጋር በምን መንገድ እንደሚነጋገር የሚወስነውን፣ ማስተካከል ነበር። ከዚያ ደግሞ፣ ሰርቨሩ አንድ ቀን ድንገት ቢሞት ተያይዘን እንዳናለቅስ፣ በሆዱ ያለውን ሁሉ በየቀኑ ራሱን በራሱ ወደ ሌላ ኮምፒውተር እንዲገለብጥ ማድረግ። ባክአፕ የሚባለው ይኸው ነው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይባል የለ? እኔ እንግዲህ ለመጠርጠር ደመወዝ የሚከፈለኝ ሰው ነበርኩ።

መጀመሪያ ባክአፑን ስዘረጋ አንድ ጥያቄ መጣ። መቼ ይገልብጥ? አዋቂዎች «ፋብሪካው ሲያርፍ» ይላሉ። የእኛ ፋብሪካ በፈረቃ ሲሠራ ውሎ ሲሠራ የሚያድር ነው፤ መቼ ሊያርፍ? ብዙ አሰብኩና ረፋድ ላይ አደረግሁት። ለምን ረፋድ? ለሥራ አስኪያጁ የሰጠሁት ምክንያት ረጅምና ሳይንሳዊ ነበር። እውነተኛው ምክንያት ግን፣ የሆነ ነገር ቢበላሽ በደህና ሰዓት እንዲበላሽ ነው። እንቅልፍ እወዳለሁ።

ታዲያ በመጀመሪያው ቀን መገልበጥ ሲጀምር፣ የጋን ክፍል ስክሪኖች በሙሉ ቀጥ አሉ። ጋኑስ የተሰጠውን ትእዛዝ ይዞ ሥራውን ይቀጥላል፤ የሚቆመው ስክሪኑ ብቻ ነው። ይህን እኔ አውቃለሁ። የጋን ክፍል ኃላፊዋ ግን አታውቅም። በድምጿ ኃይል «ሻለቃ» የምንላት ይቺ እፊቴ የተቀመጠችው ናት። ስልኬ ጮኸ።

«አንተ ሰውዬ! ስክሪኑ ስታክ አደረገ!»

«አይዞሽ እመቤቴ፣ እየገለበጠ ነው። ሻይ ጠጥተሽ ስትመለሺ ይለቃል።»

ይህን ያልኳት ስልኩን እንድትዘጋልኝ ነበር። በማግስቱም ስክሪኑ ቀጥ ሲል ሻለቃ ተነስታ ሻይ ጠጣች። ቀጥሎ ጋን ክፍል በሙሉ፣ ቀጥሎ ማሸጊያ ክፍል ያለው ሁሉ ተከተላት። «ሰርቨሩ ሻይ ወጣ» የሚባል አነጋገር መጣ። አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር የሻይ ሰዓቱን የሚያስረዱት እንዲህ ብለው ነበር፤ «ስክሪኑ ሲደነዝዝ ትነሳለህ፣ ሲነቃ ትመለሳለህ።» የሠራተኛ መብት በሴቲንግ ስህተት የተከበረበት ሌላ ፋብሪካ ካለ ንገሩኝ።

ኋላ ላይ ኢንጂነሯ መጣች። ሁላችሁም «ለምን» እያላችሁ ነው የምትጠሯት፤ ከአፏ የማይጠፋ ቃል ነውና። በገባች በሳምንቷ «ጋሼ፣ በየቀኑ ሁሉንም ነገር ለምን ይገለብጣል? ከትናንት ወዲህ የተቀየረውን ብቻ ለምን አይገለብጥም?» አለችኝ። «አይ ልጄ፣ ገና ብዙ ትማሪያለሽ» አልኳት። ሰው መልስ ሲያጣ ሽማግሌ ይሆናል።

በመጨረሻ አስተካከለችው። ባክአፑ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ያልቃል፤ ስክሪኑም ንቅንቅ አይልም። እኔ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሮጥኩና «አሻሻልነው» አልኩ። «አሻሻለችው» ለማለት ምላሴ ተሳሰረ።

ያን ቀን ረፋዱ አለፈ፤ ማንም ከወንበሩ አልተነሳም። የምሳ ሰዓት ሲቃረብ ሻለቃ የሰርቨር ክፍሉን በር በርግዳ ገባች።

«ሻያችንን ማን ሰረቀን?»

«ማን ከለከለሽ? ተነሺና ጠጪ!»

«ስክሪኑ እያየኝ እንዴት ብዬ ልነሳ?»

ነገሩ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ደረሰ። እሳቸውም በጥሞና ሰምተው ፈረዱ፤ «ባክአፑ እንደ አዲሱ ይሁን፣ ሻዩ እንደ ድሮው ይሁን።» እናም እስከ ዛሬ በየረፋዱ በየስክሪኑ «ሰርቨሩ ሥራ ላይ ነው፣ እናንተ ዕረፉ» የሚል ጽሑፍ ብቅ ይላል። በዚህ ቤት ውስጥ ከእኔ ሥራ ሁሉ የተመሰገነው ያ ጽሑፍ ነው። እሱንም የጻፈችው «ለምን» ናት።

እስካሁን ሳቃችሁ። አሁን ደግሞ ትንሽ ልጨክንባችሁ ነው፤ ይልቁንም በራሴ ላይ።

በዚህ ፋብሪካ ውስጥ «ያለ እሱ አይሆንም» ትሉኝ ነበር። ይህ ቃል ምን ያህል እንደሚጣፍጥ የቀመሰው ያውቀዋል። ስለጣፈጠኝ ከዚህ ከተማ ንቅንቅ አላልኩም። ልጄን ስድር እንኳ ስልኬን ከጆሮዬ አላወረድኩም፤ በሠርጉ ፎቶ ሁሉ ላይ እንደዚያው ነኝ። አንዱ ዘመዳችን «ሰውየው ልጁን የሚድረው በስልክ ነው እንዴ?» አለ ይባላል። አሁን ልጄ ሌላ ከተማ ወልዳለች። ባለቤቴ ብቻዋን ስትሄድ ስትመለስ ከረመች። የልጅ ልጄ አያት ማለት ስልክ ውስጥ የሚኖር መላጣ ሰው ይመስለዋል።

ጡረታዬ ሲቃረብ ልጃችን ሰፈር ቤት ተከራየን። ባለቤቴ ያስቀመጠችው ቅድመ ሁኔታ አንድ ብቻ ነበር፤ «መንገድ ላይ ያ ስልክ ጮሆ 'ና' ቢሉህ፣ ከአውቶብሱ ብቻህን ትወርዳለህ። እኔ አልመለስም።» ቀልድ አልነበረም። ሥራ አስኪያጃችን ደግሞ በዚያው ሰሞን «አማካሪ ሆነው ቢቀጥሉስ?» አሉኝ። ለባለቤቴ አልነገርኳትም። ይኸው አሁን ሰማች። ማታ ቤት ስንደርስ ጸልዩልኝ።

ኢንጂነሯ «ለምን» ግን ሌላ ሐሳብ አመጣች። «ጋሼ፣ ሳይሄዱ ሰርቨሩ ሞተ እንበልና እንሞክር። ከባክአፑ አውጥተን ባዶ ኮምፒውተር ላይ እናስነሳው። እርስዎ እጅዎን አያስገቡም።»

«ሞክሩ» አልኩ። እጄን አጣጥፌ ከኋላቸው ቆምኩ። ሶፍትዌሩ ተነሳ። የሳሙናው አሠራር ሁሉ በየቦታው አለ። ነገር ግን አንድም ጋን አልሰማ አለ። ለካ ባክአፑ የሚገለብጠው ሶፍትዌሩንና የሚሠራበትን መረጃ እንጂ የሰርቨሩን ሴቲንግ አልነበረም! የትኛው ጋን በየትኛው አድራሻ እንደሚጠራ፣ ማን ማዘዝ እንደሚችል፣ የትኛው የኔትወርክ በር እንደሚከፈት፣ ያ ሁሉ የለም።

«ጋሼ፣ ታዲያ ይሄ ሁሉ የት ነው ያለው?»

እኔም በኩራት ጭንቅላቴን በጣቴ መታ መታ አደረግሁ።

«እሱስ ባክአፕ አለው?» አለችኝ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ግን ልንገራችሁ? በሆዴ ደስ ብሎኝ ነበር። «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ያለችው አህያ የሥጋ ዘመዴ ሳትሆን አትቀርም። ቤቴ እስክደርስ አላስቻለኝም። በሩን ከፍቼ ገና ሳልቀመጥ «ሰማሽ? ያለ እኔ አልተነሳም!» አልኩ።

ባለቤቴ ሻንጣ እያሰናዳች ነበር። ቀና ብላ አየችኝና፣ ያስገባችውን ልብስ እያወጣች ወደ ቁም ሣጥኑ መመለስ ጀመረች። አልጮኸችም፤ አልተቆጣችም። ለልጅ ልጃችን የሠራችው የሱፍ ሹራብ ላይ ስትደርስ ግን እጇ ቆመ። እሱን ወደ ሣጥኑ አልመለሰችውም። ደረቷ ላይ ይዛው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

አፈርኩ። ሌላ ቃል የለኝም፤ አፈርኩ።

በማግስቱ «ለምን» አጠገብ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና «በይ፣ ይህን ጭንቅላት ገልብጪው» አልኳት። እንዲህ ያለ ምርመራ ጠላቴንም አይግጠመው። «ሦስተኛው ጋን አድራሻው ለምን ከሌሎቹ ተለየ?» «ያን ቀን ቸኩዬ ነበር።» «ይሄኛው የኔትወርክ በር ለምን ተዘጋ?» «ስከፍተው የሆነ ነገር ስለጮኸ።» «ምንድን ነው የጮኸው?» «እኔ እንጃ፤ ከዚያ ወዲህ አልከፈትኩትም።» ቀጥሎ ሁሉም በተሰበሰቡበት «የዋናው አስተዳዳሪ ፓስወርድስ?» አለች። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። መሬቷም አልተከፈተችልኝም። «አለቃው እኔ ነኝ» አልኩ። «እሱንማ እናውቃለን ጋሼ፣ ፓስወርዱን ነው የጠየቅንዎት።» «ነገርኳችሁ እኮ!»

እነሆ ሴቲንጉ ሁሉ ከጭንቅላቴ ወጥቶ፣ ከሌላው ጋር በየቀኑ ራሱን የሚገለብጥ ሆነ። ጭንቅላቴ ቀለለኝ፤ ባለቤቴ ድሮም ያን ያህል አይከብድም ነበር ትላለች።

በዚህ ሳምንት ሁለተኛው ሙከራ ሆነ። እኔ ከግቢው በር እንዳላልፍ ታገድኩ። ጥበቃው ጋ ተቀምጬ ስልኬን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ። አየሁት። አገላብጬ አየሁት። ኔትወርክ እንዳለው አረጋገጥኩ። በመጨረሻ ጥበቃውን «እስቲ ደውልልኝ፣ ይሠራ እንደሆነ» አልኩት። ደወለልኝ። እኔ ነኝ እንዲደውል ያዘዝኩት፤ ግን ሲጮህ «አልሆነላቸውም!» ብዬ ብድግ አልኩ። ጥበቃው እየተንከተከተ የወደቀውን ወንበሬን አነሳልኝ።

ከዚያ የማደባለቂያው ድምፅ መጣ። እናንተ የምትሰሙት ጩኸት ነው፤ እኔ ግን ድምፁን ስሰማ የትኛው ጋን እንደዞረ አውቃለሁ። አንደኛው ዞረ። ሁለተኛው ዞረ። ያ ቸኩዬ ያበላሸሁት ሦስተኛውም ዞረ። ሁሉም ያለ እኔ ዞሩ።

ከፋኝ። ላልዋሻችሁ፣ መጀመሪያ ከፋኝ። ደስታው የመጣው ኋላ ነው፤ ሲመጣ ግን እንባ ይዞ መጣ። «ለምን» እየሮጠች ወጣችና «ጋሼ! ተነሳ!» አለች። «አንዴ እንኳ ሳትደውሉልኝ?» ብላት፣ «የጎደለን ነገር አልነበረማ» አለችኝ። በዕድሜዬ ሙሉ ከተቀበልኩት ምስጋና ሁሉ የሚበልጥብኝ ይህ ነው።

ዛሬ ጠዋት፣ ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት፣ ሰርቨሩን ልሰናበት ብዬ ብቻዬን ገባሁ። ስሜን ጻፍኩ፤ ፓስወርዴን ጻፍኩ። «ይህ ተጠቃሚ አይታወቅም» አለኝ። እንደገና ጻፍኩ። «አይታወቅም።» «ለምን»ን ጠራኋት። አቀርቅራ «ሠራተኛ ሲለቅ ስሙ ወዲያው ከሰርቨሩ ይሰረዝ የሚለው የራስዎ ደንብ ነው ጋሼ» አለች። እውነቷን ነው። ግሩም ደንብ ነበር፤ ሌላ ሰው ላይ ሲሆን።

ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ለባለቤቴ ደወልኩ። ድምፄን ስትሰማ ደነገጠች።

«ምን ሆነሃል?»

«ሰርቨሩ አላውቅህም አለኝ።»



«እሰይ!» አለች። «በል ና፣ እኛ እናውቅሃለን።»

ክቡራትና ክቡራን፣ እንግዲህ ልሂድ። ሻለቃ፣ ድምፅሽን አይቀንስብሽ። «ለምን»፣ ልጄ፣ የሚጠይቅሽ እንጂ የሚያመልክሽ አይግጠምሽ። ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ አማካሪ አይጥፋብዎት፤ እኔ ግን አይደለሁም። ለሁላችሁም ጤናውን፣ የማታ እንቅልፉን ይስጣችሁ። ሥራችሁ እናንተ ሳትኖሩም የሚነሳ፣ ቤታችሁ ግን እናንተ ከሌላችሁ የሚጎድል ይሁን።

አውቶብሳችን ነገ ጠዋት ነው። ሻንጣው ተዘግቷል፤ ሹራቡም ውስጡ ነው። እባካችሁ፣ አትደውሉልኝ።