የአንጓች የጽዋ ተራ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ የዚህን በሽታ ስም ከአፉ የሚያወጣ ሰው አልነበረም፤ «ያ ክፉ» ይባልና ዝም ነው። እኔም ወሬ አላበዛም፣ ታውቁኛላችሁ፤ ይህችን ግን ስሙኝ፣ እናታችሁ አንጓች እዚያ ምስር እየለቀመች ብትስቅብኝም።

ታዲያ ባለፈው መስከረም ደብረ ማርቆስ ሐኪም ቤት ወሰድኋት፣ እና ሐኪሙ «የጡት ካንሰር ነው» አለን። «በጊዜ መጥታችኋል፤ ቀዶ ሕክምና አለ፣ መድኃኒት አለ፣ መንገዱ ግን ረጅም ነው» አለ። እኔ የሰማሁት ካንሰር የሚለውን ብቻ ነው። እሷስ? መኪና ውስጥ ገብተን፣ «ሰማኸው? ረጅም ነው አለ እኮ! ለሚሞት ሰው ማን ረጅም መንገድ ይነግረዋል?» አትለኝም!

እና አገሩ ሰማ። የማርያም ማኅበራችን በየወሩ ከቤት ቤት ይዞራል፤ ጽዋውን የተቀበለ የሚቀጥለውን ወር ይደግሳል፤ የእኛ ተራ ግንቦት ነው። ታዲያ በጥቅምት ተሰብስበን ሳለ ሙሴው፣ የማኅበሩ መሪ አባ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ደግመው ጠረጉ፣ መሬት መሬት እያዩ፣ «ልጄ አንጓች… እንግዲህ… ማኅበርተኛው መክሮ… ጽዋውን ዛሬ ብትወስጂውስ? ኅዳርን ላንቺ እናድርገው፤ ጠላውን እኛ እንጠምቅልሻለን» አሉ።

ደግነት ነው፣ ደግነቱ አልጠፋኝም። ለምን እንደሚያስቀድሟት ግን ሁላችንም ገብቶናል። አንዷ ሴት በነጠላዋ ዓይኗን መጥረግ ጀመረች።

አንጓች ብድግ አለች። «ይፍቱኝ አባ፤ ኅዳር የማን ተራ ነው?»

«የታደሰ ነዋ።»

«ታዲያ ታደሰ ጌሾውን ወቅጦ ከጨረሰ በኋላ ልቀማው? እኔ ግንቦት ነኝ። በግንቦት ኑ።»

«ልጄ፣ እስከ ግንቦት እንኳ…» ብለው አባ ቀጥ አሉ።

«እስከ ግንቦትማ እርስዎም ይሰንብቱልኝ፣ ያስልዎታል እኮ!»

ያ ሁሉ ሰው ሳቀ፤ ያች የምታለቅሰዋም ሳቀች፤ አባም እየሳሉ ሳቁ።

ወደ ቤት ስንመለስ፣ «አንቺ ሴት፣ አትፈሪም?» አልኋት።

«እንዴት አልፈራ! ግን ጽዋውን በኅዳር ከጨረስሁት ታኅሣሥ ሲገባ ምን ልጠብቅ?» አለች።

እና ቀዶ ሕክምናው አለፈ፤ መድኃኒቱ ፀጉሯን አረገፈው፤ ከሐኪም ቤት በተመለሰች ቁጥር ትውከቱ ሲያንገላታት ይሰነብታል። ታዲያ ያ ቀለል ሲላት፣ ከተኛችበት ቀና ብላ፣ «የጠላው ጋን ተሰንጥቋል ወይስ ደህና ነው?» ትለኛለች። ስለ ጋን! ስንት ጎበዝ አይቻለሁ፣ በሬ ከገደል ያወጣ አይቻለሁ፣ እንዲህ ያለ ልብ ግን አላየሁም። ሐኪሙ ገና «ድነሻል» አላላትም፣ እኔም አልልም። ግን ይኸው ግንቦት ገባ፣ ትናንትም ከገበያ ጌሾ ይዤ መጣሁ…

«ያንን ብሎ ጌሾ! ለአንድ እንስራ አይበቃም። ማሞገሱን ተውና ነገ ተመልሰህ ግዛ!»

ሰማችኋት? ሰማችኋት አይደል?

እሺ። እሄዳለሁ።