የአንዲት ጥርስ ጉዳይ

ሞዲ ዬሮ ባ ሐሙስ ጠዋት ከኩንዳራ መናኸሪያ ወደ ላቤ መኪናቸውን ሞልተው ሲወጡ ከጎናቸው የተቀመጠችውን ወጣት ልብ ብለው አላዩአትም። «ሞዲ» የሚባሉት ለዕድሜያቸው ክብር ነው፤ ስልሳን ካለፉ ቆይተዋል። ከዚህ ዕድሜ ሠላሳ አንዱን ዓመት ያሳለፉት በዚሁ መንገድ ላይ መሪ ጨብጠው ነው። የዚያን ቀን ዓይናቸው ከሙቀት መለኪያው ላይ አልነሳ ብሎ ነበር፤ ለዚህም ምክንያት ነበራቸው። አዲሱ አስፋልት ከተነጠፈ ወዲህ ባሉት ሁለት ዓመታት ሁለት ሞተር ተቃጥሎባቸዋል። አሁን ያለው ሦስተኛው ነው፤ እሱም ማቃሰት ጀምሯል።

«ይሄም ከሄደ መኪናዋን ለቁራጭ ብረት ሰጥቼ ቤቴ እቀመጣለሁ» ብለው ለባለቤታቸው ለራማታ ከነገሯት ሳምንት አልሞላም። ሲናገሩት ቀላል መስሏቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን እህል አልበላ ብሏቸዋል፤ ከመንገድ በቀር የሚያውቁት ሥራ የላቸውምና።

ከከተማው ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል እንደራቁ፣ ዳገት በሌለበት ለጥ ያለ ሜዳ ላይ፣ ውሃው ፈላ። ሞዲ ዬሮ መኪናዋን ከመንገዱ ዳር አቆሙ። ተሳፋሪዎቹ እያጉረመረሙ ወርደው ዛፍ ጥላ ስር ተጠጉ። ከጎናቸው የነበረችው ወጣት ግን ወደ ጥላው አልሄደችም፤ ኮፈኑን ሲከፍቱ አጠገባቸው መጥታ ቆመች።

«ልጄ፣ ራቅ በይ፤ ፈልቶ እንዳይፈናጠርብሽ» አሏት።

«እሺ ሞዲ። ለመሆኑ የቤተሰብዎ ስም ማን ነው?»

«ባ።»

ፈገግ አለች። «እኔ ደግሞ ጃሎ ነኝ። ዳላንዳ ጃሎ።»

ሽማግሌው ያን ሁሉ ጭንቀት ይዘውም ሳቃቸው አመለጣቸው። ባና ጃሎ ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ እንዲሰዳደቡ የተፈቀደላቸው ቤተሰቦች ናቸው። ከሌላ ሰው አፍ ቢወጣ ድፍረት የሚባለው ቃል ከጃሎ ሲመጣ ለባ ቀልድ ነው፤ የሚቆጣም የለም። እኔ እንደማየው ከአባቶቻችን ከወረስናቸው ነገሮች ሁሉ ይህ አንዱ ትልቅ ሀብት ነው፤ ለታላቅ ሰው ሊነገር የማይችለውን እውነት በሳቅ ጠቅልሎ ማቀበል የሚቻለው በእሱ ነውና።

«አሃ! መኪናዬ ጠዋት ያለ ነገር አልነሳም አላለችም» አሉ ሞዲ ዬሮ። «ለካ ከጎኔ የከብት ሌባ ተቀምጦ ነው!»

«እኛ መቼ ሰረቅን? ከብቶቹ የባዎችን ንፍገት ሸሽተው ነው በእግራቸው የመጡት።»

ከጥላው ስር ሳቅ ተሰማ። ዳላንዳ አልሳቀችም፤ ወደ ሞተሩ ጎንበስ ብላ ትመለከት ነበር። ታምባኩንዳ በቴክኒክ ትምህርት ቤት የመኪና ሞተር እንደምታስተምርና እናቷን ልትጠይቅ ወደ ላቤ እንደምትሄድ ነገረቻቸው።

«ስንት እየሄድን ነበር ሞዲ?»

«መቶ አስር። የፍጥነቱን መርፌ አላየሽም?»

«አይቼዋለሁ። ግን መቶ አስር አልነበርንም፤ ዘጠና ነበርን።»

«ጃሎ ቁጥር መቁጠር የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው?»

«የሰው ከብት መንዳት ከጀመርን ወዲህ። ቀልዱን እንተወውና፣ የኪሎ ሜትር ድንጋዮቹን በሰዓቴ እየለካሁ ነበር። ከአንዱ ድንጋይ እስከሚቀጥለው አርባ ሰከንድ ይፈጅብናል። በእውነት መቶ አስር ብንሆን ኖሮ ሠላሳ ሦስት ሳይሞላ እንደርስ ነበር።»

ነገሩ ለሞዲ ዬሮ አልጣማቸውም። መኪናዋን ከልጆቻቸው እኩል ያውቋታል። መስተዋቱ ላይ የተንጠለጠለውን የቆዳ ክታብ በጣታቸው አመለከቱ።

«ስሚ ልጄ፣ የዚህች መኪና ችግር ሌላ ነው። ሞተሯ ሲጮህ ከሩቅ ነው የሚሰማው፤ ጉልበት አላት። ይሄን ያየ ዓይን ነው የሚያቃጥልብኝ። ክታቡን የጻፉልኝ የቁርአን መምህር፣ ቼርኖም ይሄንኑ ነግረውኛል።»

«ክታቡን አልነካብዎትም፤ እዚያው ይቀመጥ። እኔ የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሲበርድ አንዴ አብረን እንለካ። ከተሳሳትኩ ላቤ ድረስ አፌን ዘግቼ እሄዳለሁ።»

«ጃሎ አፉን ዘግቶ! ለዚህ ለዚህማ እለካለሁ» አሉ።

ሞተሩ በረደና ውሃ ተሞላ፣ ተሳፋሪዎቹም ገቡ። መርፌው መቶ አስር ላይ ሲቆም ዳላንዳ ሰዓቷን ከኋላ ለተቀመጠች ጨርቅ ነጋዴ ሰጠቻት፤ ራሷ ብትቆጥር አጭበረበረች እንዳይባል ነው። ድንጋዩን ሲያልፉ «አንድ!» ብላ ነጋዴዋ ጀመረች፤ ሌሎቹም ከሞተሩ ጩኸት በላይ እየጮሁ አብረው ቆጠሩ። ሠላሳ ሦስት ላይ ሞዲ ዬሮ ድንጋዩን በዓይናቸው ፈለጉት። አልነበረም። «አርባ!» ሲባል ነው በአጠገባቸው ያለፈው።

በዚያው ቅጽበት አንድ ወጣት ሹፌር አልፏቸው ሄደ። ሞዲ ዬሮ ሁለት ዓመት ሙሉ «እነዚህ ልጆች በመቶ ሠላሳ እየበረሩ ሰው ይጨርሳሉ» እያሉ ሲረግሟቸው ኖረዋል። አሁን ገና እብዶቹ እነሱ ላይሆኑ እንደሚችሉ አሰቡ። ማንም ሳያዛቸው መኪናዋን ዳር አስይዘው ቆሙ።

«በይ ተናገሪ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «መርፌው ለምን ይዋሸኛል?»

ዳላንዳ ወረደችና ከኋላ ጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት አደረገች፤ ከሥሩ አስፋልቱም ላይ አሰመረች። ተሳፋሪዎቹ መኪናዋን ገፋ ገፋ አድርገው ጎማው አንድ ዙር ሞልቶ ምልክቱ መሬት ሲነካ እንደገና አሰመረች። በሜትር ስትለካው አንድ ሜትር ከሰማንያ ሆነ። ቀጥላ ከመኪናዋ ጣሪያ ላይ ታስሮ የነበረውን አሮጌ ትርፍ ጎማ፣ ስኮርታውን፣ አስወረደችና እሱንም እንዲሁ አንከባለለችው። አንድ ሜትር ከዘጠና አምስት ሄደ።

«ይሄ ስኮርታ መኪናዋ ስትገዛ አብሯት የመጣው ነው አይደል?»

«አዎ። ትናንሾቹን ያስገባሁት ጭነት ሲበዛ ዳገት ስለሚቀናቸው ነው።»

«ዲፍረንሻሉንስ ነክተውታል?» የሞተሩን ዙር ለኋላ ጎማዎች የሚያቀብለውን የጥርስ ሳጥን ማለቷ ነበር።

ሞዲ ዬሮ ደረታቸውን ነፉ። «በገዛ እጄ ነው የቀየርኩት! የፒክአፕ ነው፤ ክብደት ይችላል። የድሮዋ ትንሿ ባለጥርስ ዘጠኝ ጥርስ ነበራት፣ የዚህኛው ስምንት። ትልቁ ሁለቱም ላይ ሠላሳ አራት ነው። ለአንዲት ጥርስ ደግሞ ነገር ልታነሺብኝ ነው?»

«ለአንዲት ጥርስ ነው የማነሳብዎት። አንድ አባት የሦስት ዓመት ልጁን እጁን ይዞ ገበያ ሲሄድ አይተው ያውቃሉ? እኩል ይደርሳሉ። ግን አባትየው አንዴ ሲራመድ ልጁ ሦስቴ ነው፤ ሲደርሱ ማን ነው የሚያለከልከው?»

«ልጁ ነዋ።»

«የእርስዎም ሞተር ልጁን ሆኗል። ጎማው ሲያንስ በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ ብዙ ጊዜ መዞር አለበት። ያቺ ጥርስ ስትጎድል ደግሞ ለእያንዳንዱ የጎማ ዙር ሞተሩ ተጨማሪ ይዞራል። ሁለቱ ሲደመሩ በአራተኛ ማርሽ በየኪሎ ሜትሩ አራት መቶ ትርፍ ዙር ነው። ከዚህ ላቤ ሁለት መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ቢሆን ስንት ይመጣል?»

«መቶ ሺህ!» አለች ነጋዴዋ ከማንም ቀድማ፤ ሒሳብ ሥራዋ ነው።

«መቶ ሺህ ጊዜ በከንቱ። መርፌውም የዋሸዎት ለዚህ ነው፤ የሚቆጥረው ማርሹ ጋ ያለውን ዙር እንጂ መንገዱን አያየውም። እርስዎ በዘጠና እየሄዱ ሞተሩ የመቶ አስር ሥራ ይሠራል። ሌሎች ሲያልፉዎት ደግሞ ይጨምሩበታል። ታዲያ እንዴት አይቃጠል?»

ሞዲ ዬሮ ጎንበስ ብለው በጠመኔ የተሰመረውን ጎማ አዩ። ከሁሉ በላይ የከበዳቸው ቁጥሩ አልነበረም፤ ሁለቱን ሞተሮች የገደሉት በገዛ እጃቸው መሆኑ ነበር። በሰው ዓይን ማሳበቡ ስንት ይቀል ነበር!

«እና ሠላሳ ዓመት ሙሉ ደንቆሮ ነበርኩ ማለት ነው?» አሉ።

«በፍጹም ሞዲ!» አለች ዳላንዳ፤ አሁን ቀልዱን ትታዋለች። «መንገዱ አፈር ሳለ፣ በጋዋል በኩል ባለው ጭቃ ውስጥ በአርባና በሃምሳ ሲሄዱ፣ ከእርስዎ የተሻለ ያሰበ አልነበረም። ያን ጊዜ እኔም ብሆን እንዲሁ ነበር የማደርገው። የተለወጠው መንገዱ ነው። መንገዱ ሲለወጥ መኪናዋ አልተነገራትም።»

«ዳገቱስ? ከሴሪባ በላይ ያለውን ዳገት ዘጠኝ ሰውና የጣሪያ ጭነት ይዘሽ ውጪው እስቲ!»

«ለዳገቱ ሦስተኛ ማርሽ አለልዎ፣ ሁለተኛ አለልዎ። ለዚህ እኮ ነው አራት ተደርጎ የተሠራው። እርስዎ ግን ዳገቱን ከማርሹ አውጥተው ዲፍረንሻሉ ውስጥ ቀበሩት። አሁን ሜዳም ላይ ዳገት እየወጡ ነው የሚውሉት።»

ከተሳፋሪዎቹ አንዱ «እውነቷን ነው!» አለ። ሞዲ ዬሮ በዓይናቸው ቆንጠጥ አደረጉትና ወደ እሷ ተመለሱ።

«እንግዲያስ ከነጭራሹ ትልልቅ ጎማ ላስገባና ሞተሩ ይረፍ!»

«እሱም አይሆንም። ታምባኩንዳ አንዱ ሹፌር አድርጎት ሞተሩ መሳብ አቃተው፤ አራተኛን ሳይነካ በሦስተኛ ብቻ ሲሄድ ኖረ፣ ፍሪሲዮኑም ነደደ። የሚያስፈልገው መጀመሪያ የነበረው ልክ ነው። የድሮው ዲፍረንሻል የት ደረሰ?»

«ጓሮ አለ። ፍየሎቹ ይታከኩበታል።»

«ይቀሟቸው። ለዛሬ ደግሞ መርፌውን ከዘጠና አያሳልፉት፤ ቀስ ብለን እንደርሳለን።»

ደረሱም። ሦስተኛው ሞተር አልተቃጠለም። ሞዲ ዬሮ ላቤ መናኸሪያ ውስጥ የዳላንዳን ሻንጣ ራሳቸው አወረዱላት። «ከጃሎ መማሬን ለማንም እንዳትናገሪ» ሲሏት «ላቤ ሳይመሽ ያውቀዋል» አለችና እየሳቀች ሄደች።

ሞዲ ዬሮ ቤታቸው በገቡ ማግስት ፍየሎቹ መታከኪያቸውን አጡ። ዲፍረንሻሉ ታጥቦ፣ ኩሽኔታው ተቀይሮ፣ ዘይቱ ተሞልቶ ቦታው ገባ፤ ትክክለኛዎቹ ጎማዎችም ታሰሩ። ያን ሳምንት ሲሠሩ ጎረቤት የሆኑ ሹፌሮች እየመጡ አሾፉባቸው። ከወር በኋላ ግን እነዚያው ሹፌሮች ጠመኔ ይዘው ጎማቸውን ሲያንከባልሉ ታዩ። ለመኪናው ልክ የሆነ ጎማና ልክ የሆነ ጥርስ የያዘ ሰው ነዳጁ ይበረክትለታል፤ ዘይቱ ቶሎ አይጠቁርም፤ ውሃው አይፈላም፤ ፍጥነቱን በትክክል ስለሚያውቅ ፍሬን የሚይዝበትን ርቀትም አይስትም። የአባቶቻችንን ሥራ ማክበር ማለት እነሱ የሠሩበትን ምክንያት ማወቅ ነው፤ ምክንያቱ ሲያልፍ ሥራውን መቀየር እነሱን መናቅ አይደለም። ይህን የማይቀበል ካለ የራሱን መኪና ይጠይቃት።

መኪናዋ ተሠርታ ለመጀመሪያ ጊዜ በወጣችበት ቀን ከኋላ ወንበር አንድ ዓይነ ስውር የቁርአን መምህር ተቀምጠው ነበር። ሜዳው ላይ ሲደርሱ ሞዲ ዬሮ አራተኛ ማርሽ አስገቡ። ከኋላ አንዲት እናት ልጇን እሹሩሩ ስትል ድምፅዋ ጥርት ብሎ ይሰማቸው ጀመር። በሁለት ዓመት ውስጥ ተሳፋሪያቸው ሳይጮህ የሚናገረውን እየነዱ ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነበር።

መምህሩ ጆሯቸውን አቀኑና «ሞዲ፣ ሞተሩ ጠፋ እንዴ?» ሲሉ ጠየቁ።

«የለም ቼርኖ» አሉ ሞዲ ዬሮ። መሪውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ። «እየሠራ ነው። እኔም ገና እሠራለሁ።»