ካሴቱ የመሰከረላት አማት

ሄሎ... ማን ልበል?... ኬዩር? እሰይ፣ እኔም ልደውልልህ ነበር። ቁጭ ብለሃል?... አይ፣ መጀመሪያ ቁጭ በል።

ገዛሁት... ማጫወቻውን ነዋ። የሰርጋችሁን ካሴት የሚያጫውተውን... አዎ፣ ያ ከህንድ፣ ከናዲያድ ያመጣነው፣ በዚህ አገር ማሽን ሲገባ ነጭ መስመር ብቻ የሚያሳየው።

— የሄታል አባት፣ ቴሌቪዥኑን ቀንሰው፣ አማችህ ነው ከቶሮንቶ —

የት?... እዚሁ ኦክ ትሪ መንገድ፣ ከሳሪ ልብስ ሱቁ ጎን። ባለሱቁ መጀመሪያ አንዱን አወጣልኝ፤ የየትኛውንም አገር ዲስክ ያጫውታል አለ። እኔ የያዝኩት ካሴት ነው አልኩት። ሁለተኛውን አመጣ... እሱማ ካሴቱን ያነባል፣ ግን ቴሌቪዥኑም የህንድ ዓይነት ካልሆነ አይሆንም። የሄታል አባት እሱኑ ተሸክሞ ሊወጣ ነበር። ቆይ አልኩት። ሁነኛው ሦስተኛው ነው፤ ምስሉን ራሱ ለውጦ ለዚህ አገር ቴሌቪዥን ይሰጠዋል... እንዴ፣ ሳላይማ አልገዛም። ካሴቴን ከቦርሳ አውጥቼ እዚያው አስከፈትኩት።

ሄሎ? ትሰማኛለህ?... እና አየሁት። አንተ በሩ ላይ ቆመሃል፣ እኔ የመቀበያ ትሪዬን ይዤ ልቀበልህ ወጥቻለሁ... አማት የሙሽራውን አፍንጫ መያዝ ወጋችን አይደል... አፍንጫህን ሸፍነሃላ፣ ማን አልሸፈንክም አለህ። ሰው ሰላም ልትል እጅህን ስታነሳ ግን አፍንጫህን ላፍ አድርጌ ያዝኩት። በሁለት ጣቴ፣ አጥብቄ። ሦስት ዓመት ሙሉ በየድግሱ «አማቴ አፍንጫዬን መያዝ ያቃታት» እያልክ ሰው አስቀህብኛል። የሙሽሪት እናት ሆኜ ይሄን ስሰማ እንዴት እንደሚያቃጥለኝ ታውቃለህ?

ውርርዱን እንዳትክድ። ካሴቱ ከመሰከረልሽ ለዲዋሊ በዓል እኔና ሄታል ካቭያን ይዘን እንመጣለን ብለሃል። ስምንት ወሯ ነው፤ የልጅ ልጄን አንድ ቀን አላቀፍኳትም። ይሄው ረታሁህ።

ምን አልክ?... ከበሮ መቺውም በሳቅ ፈረሰ?... አዎ፣ ከበሮው ከእጁ ወድቆ... ቆይ። ቆይ፣ ኬዩር። ስለ ከበሮ መቺው አልነገርኩህም። ከጀርባህ ነበር የቆመው፤ አንተ የት አየኸው?... እውነቱን ንገረኝ።

ጓደኛህ ቤት?... ያንተን ቅጂ?... እሱ ማጫወቻ አለው?... መቼ ነው ያየኸው?... ከውርርዱ በፊት?

እንደምትሸነፍ እያወቅክ ተወራረድክ?

ለእናትህ ብለህ?... አዎ፣ ዲዋሊ የሚከበረው ከባል ወላጆች ቤት ነው፣ አውቃለሁ። ዝም ብለህ እኛ ጋ ብትመጣ ትቀየምሃለች... ገባኝ። ውርርድ ተረትቼ ነው ካልካት ግን ምን ትላለች።

አንተ ልጅ... ተባረክልኝ።

— የሄታል አባት፣ የልጅ አልጋ ከጎረቤት ተዋስ... አዎ፣ ይመጣሉ —

ስማኝ ኬዩር፣ አንተ አትንገራት። እኔ ራሴ ነኝ ለእናትህ የምደውልላት። ልጅሽን ረትቼዋለሁ፣ ቃሉን ያክብር እላታለሁ... አልስቅም፣ ኮስተር ብዬ ነው የምነግራት። በል ዝጋ፣ ከቤት ሳትወጣ ልያዛት።