እምቢ ያለው ኮምፒውተርና ሰባተኛው ቤት

(ደብረ ብርሃን፣ እማማ የሻሽወርቅ ሳሎን፤ ኮምፒውተር ጠጋኙ ይትባረክ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ የኮምፒውተሩን ሳጥን ይከፍታል፤ የኮምፒውተሩ ባለቤት፣ የእማማ የልጅ ልጅ ማስተዋል፣ ከሥራ አልገባችም።)

ይትባረክ፦ እማማ፣ እንዳይነካ ብዬ ነግሬ ሄጄ ነበር እኮ!

እማማ፦ ማን ነካው? እኔ ከሰው እንጂ ከቆርቆሮ ምን ጉዳይ አለኝ?

ይትባረክ፦ እሺ፣ ሲያበሩት ምን ይላል?

እማማ፦ ጢጥ ጢጥ ይላል፣ ፊቱ ግን ጨለማ ነው። ልክ እንደ ጎረቤቴ እንደ ስንዱ! ትናንት ባሏን ምን እንዳለችው...

ይትባረክ፦ ስንዱን እንተዋት። መብራት አለ፣ ገመዱ ደህና ነው፣ ማራገቢያውም ይዞራል። እንግዲህ ያው እንደለመደው ሚሞሪው ነው።

እማማ፦ እሱ ደሞ ምንድን ነው?

ይትባረክ፦ ይቺ ቀጭን ነገር ናት። ከቦታዋ ከወጣች ኮምፒውተሩ ምንም ማሰብ ስለማይችል አይነሳም።

እማማ፦ እኔም ጠዋት ጠዋት እንደሱ ያደርገኛል። ለመሆኑ ባለፈው የት ደርሰን ነበር? አባትህ አየለ፣ ከዛ ዘውዴ፣ ከዛ በሻህ፣ ከዛ ሀብተ ሥላሴ...

ይትባረክ፦ እማማ፣ ላጲስ አለ?

እማማ፦ የአያቶችህን ስም ልታጠፋ ነው?

ይትባረክ፦ የሚሞሪዋን ጥርስ ላሽበት ነው። አቧራ ከያዛት አትሠራም።

እማማ፦ ያው፣ ጠረጴዛዋ ላይ አለልህ። እያሸህ ቁጠር፤ የተያዘው እጅህ እንጂ አፍህ አይደለም።

ይትባረክ፦ እማማ፣ ከዛሬ በኋላ እኔ አልመጣም። ሌላ ባለሙያ እልክልዎታለሁ።

እማማ፦ ምን? ምን አጠፋን?

ይትባረክ፦ እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ሠርቼው እሄዳለሁ፣ መልሶ ይበላሻል። ማስተዋል ባለፈው «አንተ ጠጋኝ ነህ ወይስ ገና ተለማማጅ?» አለችኝ። ሌላ ሰው ቢለኝ እስቃለሁ። እሷ ስትለኝ ግን... ብቻ ይተዉት።

እማማ፦ እሷ ስትልህ ምን?

ይትባረክ፦ ምንም።

እማማ፦ ምንም ያለ ሰው ጆሮው እንዲህ አይቀላም።

ይትባረክ፦ እንዲህ የምትንቀኝ ልጅ ቤት ምን ፊት ይዤ እመላለሳለሁ?

እማማ፦ እና የሌላውን ሰው ሰባት ቤት ማን ሊቆጥር ነው? ጉልበት የለኝም! በል፣ የሀብተ ሥላሴ አባት ማን ነው?

ይትባረክ፦ ኧረ እማማ! ወንድይራድ።

እማማ፦ ወንድይራድ። ደግ ስም ነው። ቀጥል።

ይትባረክ፦ ደስታ።

እማማ፦ ሰባተኛው?

ይትባረክ፦ ቢተው።

እማማ፦ ውይ! ውይ በሞትኩት! የኛም ቅድመ አያት ቢተው ነው! የት አገር ቢተው?

ይትባረክ፦ የይፋት።

እማማ፦ ተመስገን! የኛው የመንዝ ነው፤ ይፋትን በዓይኑም አላያት። በእናትህ በኩልማ እናትህን ገበያ አግኝቼ ጨርሻለሁ። ዘር ከልጓም ይስባል፤ ልጅት ከዘመዷ ጋር ብትገጥምብኝ ምን ይውጠኝ ነበር?

ይትባረክ፦ ቆይ... ይሄ ቆጠራ ለሷ ነበር እንዴ?

እማማ፦ አይ፣ ለስንዱ ነው! ሥራህን ሥራ።

ይትባረክ፦ ሚሞሪዋ ቦታዋ ገባች። ይኸው ተነሳ፤ ስክሪኑም በራ። አሁን ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ይቺን የያዘቻትን መቆለፊያ አይተዋል? በጣት ካልተጫኗት በራሷ አትከፈትም። ሰው ነው የሚነቅላት።

እማማ፦ ይሆናል።

ይትባረክ፦ እርስዎ ነዎት! ሁሌም እርስዎ ነበሩ! እኔን ልጅቷ ፊት መሳቂያ ያደረጉኝ!

እማማ፦ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ! እኔ የነቀልኩት የዛሬውን ብቻ ነው። አምስተኛው ቤት ላይ ስልክ ተደወለልህና ጥለኸኝ ሄድክ፤ ምን ላድርግ ታዲያ?

ይትባረክ፦ የበፊቱንስ?

እማማ፦ እኔ ፊደል አልቆጠርኩ፣ አነቃቀሉን ከየት አመጣዋለሁ? እሷ ስትነቅለው በበሩ ሽንቁር አይቼ ነው የተማርኩት።

ይትባረክ፦ ማን? ማስተዋል?

እማማ፦ ነቅላ ስታበቃ መስታወት ፊት ቆማ ፀጉሯን ታበጥራለች። ከዛ ላንተ ትደውላለች፣ በቁጣ።

ይትባረክ፦ እና... ስንት ሰዓት ነው የምትገባው?

እማማ፦ ውይ፣ በሩ ተንኳኳ! መጣች! ቶሎ በል፣ ምን አፍጥጠህ ታየኛለህ? መልሰህ ንቀለው!